ኪኒን በጠርሙስ፦ የቶኒክ ምሬትና የወለጋ ወባ

በወለጋዋ ጉቴ ራሱን ያመመው ሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «ኪኒን ስጡኝ» ሲል፣ ሳያውቀው የአንድ መድኃኒት ስም ይጠራል። ዛሬ የሚዋጠውን ሁሉ የምንጠራበት ይህ ቃል የመጣው ከኩዊኒን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1820 ኬሚስቶቹ ፔልቲየርና ካቫንቱ ፓሪስ ላይ ከሲንኮና ዛፍ ልጥ አንጥረው ካወጡት የወባ መድኃኒት።

ይኸው ኩዊኒን በቶኒክ ጠርሙስ ዛሬም ይሸጣል። ጂን በቶኒክ ያዘዘ ሰው አፉን የሚመርረው እሱ ነው። ማየት የሚፈልግ ሰው፣ ባለሱቁ ሐሰተኛ ብር የሚለይበትን መብራት ጨለማ ውስጥ ወደ ብርጭቆው ያስጠጋ፤ ውኃ የመሰለው ቶኒክ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል።

ኮሶም ግራዋም መራራ ናቸውና፣ መራራን መድኃኒት ማለት አይከብደንም። ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በቶኒክ ውስጥ የሚፈቅደው በሊትር ቢበዛ 83 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን የወባ በሽተኛ ደግሞ በቀን 1,800 ሚሊግራም፣ ለ7 ቀናት ያስፈልገዋል። በቶኒክ ይታከም ቢባል በየቀኑ ከ21 ሊትር በላይ መጠጣት ሊኖርበት ነው፤ ስኳሩን እንተወው።

ሌሊት ባት ጨምድዶ ለሚይዝ ሕመምስ? በእንክብል መጠን ሲወሰድ ሕመሙን በጥቂቱ እንደሚቀንስ ጥናቶች ያሳያሉ። ነገር ግን የደም ፕሌትሌትን ሊያወርድ፣ የልብ ምትንም ሊያዛባ ስለሚችል ያው ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለዚህ አገልግሎት እንዳይውል ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። ሰውነቱ ኩዊኒን የማይቀበል ሰው በአንድ ብርጭቆ ቶኒክ ብቻ ሊደማ ይችላል።

መድኃኒቱ ራሱም በጽኑ ወባ ሕክምና ቦታውን ለቅቋል። በ9 የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት፣ ኩዊኒን ከተሰጣቸው ሕፃናት 10.9 በመቶ፣ አርቴሱኔት የተባለው ምትኩ ከተሰጣቸው 8.5 በመቶ ሞተዋል። ልዩነቱ ለደጋ ሰው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሲወጣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል፤ ሰውነታቸው በሽታውን ያልለመደ ነበርና። ከጉቴ ወደ ዴዴሳ ቆላ ለእርሻ የሚወርደው ገበሬም ያው የደጋ ሰው ነው።

ከቆላ ተመልሶ ያተኮሰው ሰው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። ቶኒኩ ለጂኑ ይቆይ።