አንድ ስብከት፣ ሁለት አንባቢ

በጥፊ ለመታ ሌላውን ጉንጭ መስጠት፣ ጠላትን መውደድ፣ በምድር ሃብት አለማከማቸት! በማቴዎስ ወንጌል ከምዕራፍ 5 እስከ 7 ያለውን የተራራ ስብከት ያልሰማ በመካከላችን ጥቂት ነው። ሰምቶ የሚፈጽመው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ታዲያ የማይፈጸም ከሆነ ለምን ተነገረ? ፕሮቴስታንቶችና ሞርሞኖች ለዚህ ጥያቄ የሰጡትን መልስ ከታሪክ እንመርምር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጀርመን አገር እንጀምር። ማርቲን ሉተር ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው ብሎ ሲነሳ ስብከቱንም በዚሁ ዓይን አነበበው። ትእዛዙ እንዲህ የከበደው ሰው በራሱ ጥረት እንደማይጸድቅ አውቆ ወደ ጸጋ እንዲሸሽ ነው፤ መልካም ሥራም የእምነት ፍሬ እንጂ የመዳን ዋጋ አይደለም አለ። ስለ ዓለማዊ ሥልጣን በ1523 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ነገሩን ለሁለት ከፈለው። ክርስቲያን በራሱ ላይ የሚደርሰውን በደል ይታገሣል፤ ዳኛ ወይም ወታደር ሲሆን ግን ባልንጀራውን ለመጠበቅ ሰይፍ ይይዛል።

ክፍፍሉ ብልህ ይመስላል። ግን ፈተናው ሩቅ አልነበረም። በ1525 የጀርመን ገበሬዎች ወንጌልን ጠቅሰው ከጌቶች ባርነት ነጻ እንውጣ አሉ። ሉተር መጀመሪያ ጌቶቹንም ወቅሶ ነበር፤ ዓመፁ ሲበረታ ግን መሳፍንቱ ገበሬውን በሰይፍ እንዲደመስሱ ጻፈ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች አለቁ። ፕሮቴስታንት ሁሉ አንድ አፍ ነበር ማለታችን አይደለም፤ በ1527 በሽላይትሃይም የተሰበሰቡት አናባፕቲስቶች ሰይፍም አንይዝም፣ መሐላም አንምልም አሉ። እነሱን ግን ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አሳደዳቸው።

አሁን ሦስት መቶ ዓመት ያህል ዘለን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 መጽሐፈ ሞርሞንን በኒውዮርክ ስቴት አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ዛሬ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የምትባለውን መሠረተ። በመጽሐፉ ውስጥ ኢየሱስ ከትንሣኤው በኋላ በአሜሪካ ምድር ተገልጦ ያንኑ ስብከት በጥቂት ልዩነት ይሰብካል። በማቴዎስ የፍጹምነት አርአያ የሰማዩ አባት ነው፤ እዚህ ኢየሱስ ራሱንም ይጨምራል። ትልቁ ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ትረካ ነው። ሰሚዎቹ ንብረታቸውን አንድ አድርገው፣ ሃብታምና ድሃ ሳይባባሉ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ይኖራሉ። እንግዲህ ስብከቱ እዚህ የሰው ድካም መስተዋት ብቻ አይደለም፤ የኅብረተሰብ ፕላን ጭምር ነው። ሞርሞኖች ያለ ኢየሱስ ቤዛነት ማንም አይድንም ይላሉ፤ ዳሩ ግን ሰው ቃል ኪዳን ገብቶ፣ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ መታዘዝ አለበት ባዮች ናቸው።

ፕላኑንም ሞከሩት እኮ! ከ1831 ጀምሮ ምእመኑ ንብረቱን ለቤተ ክርስቲያን አስረክቦ ለቤተሰቡ የሚበቃውን እንዲረከብ፣ ትርፉ ለድሃ እንዲሆን ታዘዘ። አልዘለቀም፤ በ1838 የአሥራት ሕግ መጣ። በ1875 በዩታ የተቋቋመችው የኦርደርቪል መንደር ነዋሪዎች በአንድ አዳራሽ ይመገቡ ነበር፤ እሷም ከአሥር ዓመት ብዙ አልዘለለችም። ዛሬም በወር አንድ ቀን ሁለት ማዕድ ጾመው ዋጋውን ለችግረኛ ይሰጣሉ፤ ጾምና ምጽዋትን ለምናውቅ ለኛ ይህ እንግዳ አይሆንብንም።

የእነሱስ ፈተና? ሞርሞኖች በ1838 ከሚዙሪ በግፍ ተባረሩ፤ ጆሴፍ ስሚዝም በ1844 በሁከተኞች እጅ ተገደለ። ይህ የተገፋ ሕዝብ ግን መስከረም 11 ቀን 1857 በደቡብ ዩታ፣ ማውንቴን ሜዶውስ በተባለ ቦታ ራሱ ገፊ ሆነ። የአካባቢው የሞርሞን ሚሊሺያ፣ ከፓዩት ተወላጆች ከፊሎቹን ይዞ፣ ወደ ካሊፎርኒያ የሚያልፉ መንገደኞችን በነጭ ባንዲራ አታልሎ ከምሽጋቸው አስወጣ። ሴቶችንና ልጆችን ጨምሮ 120 ያህል ሰው ፈጀ። ለወንድም የተዘረጋው እጅ አላፊ አግዳሚውን ገደለ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ስብከቱን ለግል ልብ ብቻ የሚተው ንባብ የጌታውን ሰይፍ ሳይነካ ያልፋል። ለማኅበር ሕግ የሚያደርገው ደግሞ ከአጥር ውጭ ያለውን ሰው ይረሳል። ሁለቱም ወገን ከውስጡ የሚገሥጽ አላጣም። ሉተራዊው ዲትሪሽ ቦንሆፈር በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ወገኖቹን ጸጋን በርካሽ ቸረቸራችሁት አላቸው፤ በ1945 ናዚዎች ሰቀሉት። የሞርሞን መሪዎችም በ2007፣ ጭፍጨፋው 150 ዓመት ሲሞላው፣ በቦታው ተገኝተው ጸጸታቸውን በይፋ ገለጹ።

እኛም በየግቢያችን ስለ ፍቅርም ስለ እኩልነትም ብዙ እንጽፋለን፣ እንከራከራለን። የማናችንም ንባብ በክርክር ማሸነፉ አይበቃም። መለኪያው ሁለት ሰው ነው፤ ከእግራችን በታች ያለው ገበሬና በደጃችን የሚያልፈው መንገደኛ። እነሱ ፊት ያልቆመ ንባብ ምን ይረባል?