የሞተር መጋዝ ኩሽኔት፤ በዕድሳት ጊዜ አገባቡ

በሙሉ ፍጥነት በደቂቃ ከ12,000 ጊዜ በላይ የሚዞረውን የሞተር መጋዝ ክራንክ ሻፍት በግራና በቀኝ የሚሸከሙት ኩሽኔቶች፣ የተለየ የዘይት ቋት የሌላቸው በመሆኑ፣ ከቤንዚኑ ጋር በተቀላቀለው ዘይት ብቻ ይለሰልሳሉ። በብዙ መጋዞች የሚገኘው 6202 የተባለው ኩሽኔት የውስጥ ቀዳዳው 15፣ የውጭ ስፋቱ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ነው።

የአገባቡ ምሥጢር በማዕድናት ጠባይዕ ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም የጠንካራ መጋዞች የሞተር ቤት የሚሠራበት ማግኒዥየም በሙቀት ጊዜ ከብረት እጥፍ ያህል የሚሰፋ ስለሆነ፣ ቤቱን በምድጃ አሙቆ፣ ኩሽኔቱን በማቀዝቀዣ አቀዝቅዞ የሚያገናኛቸው ባለሙያ፣ መዶሻ ሳያነሣ ኩሽኔቱ ወደ ማደሪያው ሲወርድ ያያል። ግፊት የግድ ቢያስፈልግ፣ ኩሽኔቱ ወደ ቤቱ ሲገባ በውጭው ቀለበት፣ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ሲገባ ግን በውስጠኛው ላይ ብቻ ማረፍ አለበት፤ ይህ ሥርዐት ከተሻረ ኀይሉ በቀለበቶቹ መካከል ባሉት የብረት ብዮች በኩል ያልፍና በመሮጫቸው ላይ ጠባሳ ይተዋል። ክራንክ ሻፍቱም ራሱ ከልዩ ልዩ ክፍሎች በግፊት የተጋጠመ ስለሆነ፣ ጫፉን በመዶሻ መምታት (ይህን የሚደፍሩ ጥቂቶች አይደሉም) ቀጥተኛነቱን ያጠፋዋል። የዘይት መከላከያው ጎማ ቤቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይገባል።