ፎቅ ቤትና የካርቱም ፀሐይ

የሕንፃ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነሣ ሐሳባችን ቶሎ የሚሄደው ወደ አክሱም፣ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር ነው። ተከራይ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ልብስ የሚሰጣበት ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ግን ታሪክ ያለው አይመስለንም። ካርቱም ሁለት ከጥንቱ መሐል ከተማ በስተደቡብ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን፣ ግቢ ያላቸው ቪላዎችና የአርማታ ፎቆች ጎን ለጎን የተሠሩበት ነው። ለመሆኑ ይህ የአርማታ ፎቅ ከየት መጣ? ለካርቱምስ ይስማማል ወይ? ከዚህ ቀጥሎ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንመለከታለን። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዓይነት ሕንፃ ስመ ጥሩ አብነት የሚገኘው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማርሴይ ከተማ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ብዙ የፈረንሳይ ቤተሰብ መጠለያ አጥቶ ስለነበር፣ በ1945 የመልሶ ግንባታ ሚኒስትሩ ራውል ዶትሪ ሥራውን ለአርክቴክት ሌኮርቡዚዬ ሰጡት። የመሠረቱ ድንጋይ በ1947 ተጣለ፤ ሕንፃው በ1952 ተመረቀ። አጽሙ በመጀመሪያ የታሰበው በብረት ነበር። ብረት በመጥፋቱ ግን በአርማታ ተሠራ፤ ሳንቃው በአርማታው ላይ የተወው ምልክትም ሳይለሰን እንዲታይ ተደረገ። ኋላ በብዙ አገር ሠሪዎች እንደ ውበት የቀዱት ሻካራ ግድግዳ ከእጥረት የተወለደ መሆኑ ነው።

ሕንፃው 137 ሜትር ርዝመት፣ 24 ሜትር ስፋትና 56 ሜትር ቁመት አለው። በወፋፍራም ምሰሶዎች ላይ የቆመ ስለሆነ ሰው በሥሩ ያልፋል። 337 ቤቶች ያሉት ሲሆን፣ የታሰበውም ወደ 1,600 ለሚደርስ ሰው ነበር። በመካከለኛው ፎቅ ሱቆች፣ በጣራው ላይ የሕፃናት ትምህርት ቤትና የመሮጫ መስመር ተሠሩ። የማርሴይ ሰዎች «የእብዱ ቤት» ብለው አፌዙበት። በ2016 ግን ዩኔስኮ ከዓለም ቅርሶች መካከል መዘገበው።

ከሁሉ የሚደንቀን የውስጡ አደራደር ነው። መተላለፊያው በየፎቁ ሳይሆን በየሦስት ፎቁ አንድ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ቤቶች ባለ ሁለት ደረጃ ናቸው፤ አንዱ ደረጃ በመተላለፊያው በላይ ወይም በታች አልፎ ከሕንፃው አንድ ፊት እስከ ሌላው ይዘልቃል። መምህራን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢሥሉት ተማሪው ወዲያው ይረዳዋል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ በሁለቱም በኩል መስኮት ያገኛል፤ ነፋስም ቤቱን አቋርጦ ያልፋል።

ይህን ስናደንቅ ግን የምንዘልለው ነገር መኖር የለበትም። ፋሺስት ኢጣሊያ በግንቦት 1936 አዲስ አበባን ስትይዝ፣ ይኸው አርክቴክት በዚያው ዓመት ለአዲስ አበባ ንድፍ ሥሎ ለኢጣሊያ ባለ ሥልጣናት አቅርቧል። በንድፉ ላይ የነበረችው ከተማ ምልክቷ የለም፤ በባዶ ወረቀት ላይ እንደሚሣል ሁሉ ሰፊ ቀጥ ያለ ጎዳና ተሰምሮበታል። ንድፉ ሥራ ላይ አልዋለም፤ የከተማይቱን ፕላን ያወጡት ኢጣሊያውያኑ ጉይዲና ቫሌ ናቸው። የማርሴይን ኩሽና በሴንቲሜትር የለካ እጅ የአዲስ አበባን ሰው ቤት እንደሌለ ቆጠረው።

ወደ ካርቱም እንመለስ። የማርሴይ ሕንፃ ረጃጅም ፊቶቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ናቸው፤ የሰሜኑ ግድግዳ ቀዝቃዛውን ነፋስ ለመከላከል መስኮት የለውም። ይህ ለማርሴይ ልክ ነው። በካርቱም ግን የሚሻለው ተቃራኒው ነው፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ከመስኮት በላይ የሚደረግ አግዳሚ ጥላ አያስቆመውም። ካርቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 15.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በሰኔ መካከል የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን በኩል 82 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል፤ በታኅሣሥ መካከል ደግሞ በስተደቡብ 51 ዲግሪ ይሆናል። የመስኮቱን ከፍታ ለማዕዘኑ ታንጀንት ብናካፍል የጥላውን ስፋት እናገኛለን። ለሁለት ሜትር መስኮት በሰሜን በኩል 28 ሴንቲሜትር ሲበቃ፣ በደቡብ በኩል 1 ሜትር ከ62 ሴንቲሜትር ያስፈልጋል። እንግዲህ በአራቱም ፊት እኩል በረንዳ ያለው ፎቅ ስናይ ይህ ሒሳብ እንዳልተሠራ እናውቃለን። በ1957 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ይህን በሚገባ ያጠኑ ሱዳናውያን ባለሙያዎች አልጠፉም፤ ዐብደልሙንዒም ሙስጠፋ ከእነርሱ አንዱ ነው።

ከጥላው የሚከብድ ሌላ ጉዳይ አለ። የሱዳን ቤት ልቡ ሖሽ የሚባለው ግቢ ነው። በሙቀቱ ወራት ቤተሰቡ አንገረብ፣ ማለት እኛ የጠፍር አልጋ የምንለውን፣ ወደ ግቢ አውጥቶ በውጭ ያድራል። ፎቅ ላይ የወጣ ቤተሰብ ይህን ያጣል፤ በምትኩም ማራገቢያና ማቀዝቀዣ ይገዛል። አሳንሰሩም፣ ውሃ የሚገፋው ሞተርም፣ ማቀዝቀዣውም የሚሠሩት በመብራት ነው። በሚያዝያ 2023 ጦርነት ተነሥቶ መብራትና ውሃ ሲቋረጥ፣ ብዙ ሕንፃም ሲጎዳ፣ እጅግ ብዙ ነዋሪ፣ ከእነርሱም ጋር ብዙ ኢትዮጵያውያን ከተማይቱን ለቀው ወጡ።

ካርቱም እንደገና ስትሠራ ፎቅ መሠራቱ የማይቀር ነው። የማርሴዩ ጣራ የነዋሪው ሁሉ ነበር፤ ይህ ሐሳብ ከአርማታው ቅርጽ ይልቅ ሊቀዳ ይገባው ነበር እንላለን። ጠፍጣፋ ጣራ ሌሊት ከታችኛው ክፍል የበለጠ ነፋስ ያገኛል። የሚያስፈልገው የውሃ በርሚሎቹን ወደ አንድ ጥግ ሰብስቦ፣ ዳር ዳሩን በሰው ቁመት መከለል፣ ከዚያም ለየቤተሰቡ አንገረብ የሚዘረጋበት ቦታ መክፈል ነው።