መተማና ገላባት፦ አንድ ገበያ በሁለት መንግሥት ሥር

መተማ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው አፄ ዮሐንስ 4ኛን ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው በማግስቱ ዐረፉ፤ መተማ ዮሐንስም የተሰየመችው በስማቸው ነው። የገበያዋ ታሪክ ግን ብዙም አይነገርም። ለእኛ ለአባላቱ ደግሞ እንጀራችን የተያዘው በእሱ ነው።

ከጦርነቱ በፊት መተማ የጎንደርና የሱዳን ነጋዴዎች የሚገናኙባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ቡናና ሰም ይሸጥባታል፤ የሚያሳዝነው፣ ሰውም በባርነት ይሸጥባት ነበር። አገሩን የሚያስተዳድሩት የተክሩር ሼሆች ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ገበያው እንዳይፈታ የከፈሉት ዋጋ ነው ማለት ይቻላል።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የድንበር ውል ተፈራረሙ። በዓመቱ ሜጀር ጉዊን የተባለ እንግሊዛዊ መሬት ላይ ወርዶ ድንበሩን አመለከተ። ክረምት ሲገባ የሚሞላው ወንዝ ከተማውን ለሁለት ከፈለው። ዛሬ ወዲህ ማዶ መተማ ዮሐንስ በአማራ ክልል ምዕራብ ጎንደር ዞን፣ ወዲያ ማዶ ገላባት በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ይተዳደራሉ።

ከዚያ ወዲህ መንግሥታት በተጣሉ ቁጥር ገበያው ይታወካል። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገላባትን ያዘ፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች ለማስመለስ ሲዋጉ አካባቢው የጦር ሜዳ ሆነ። በቅርቡም በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሱዳን ኬላውን ዘግታ በሐምሌ ከፈተችው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው በዚሁ በር ተሰዶ መጣ፤ ብዙዎቹም ኩመር መጠለያ ገቡ።

በሒሳብ ሥራዬ ይህን ታሪክ የማየው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው። ኬላው መዘጋቱ ድንገተኛ አደጋ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ የተመላለሰ ነገር ነው። ሲዘጋ ደግሞ ቀድማ የምትጎዳው ሻይና ቡና አፍልታ፣ እንጀራ ሸጣ የዕለት ገቢዋን የምታገኝ እናት ናት። ሰሊጥ የጫነ ነጋዴ መጋዘን አስገብቶ ይጠብቃል፤ የእሷ እንጀራ ግን አያድርም።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ኬላው በተዘጋባቸው ቀናት በተበዳሪዎች ላይ የመዘግየት ቅጣት አይቆጠር። ሁለተኛ፣ ከየወሩ ቁጠባ ጥቂቱ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ይቀመጥ። ደጋፊዎቻችንም በዓመቱ መጨረሻ ይህን ገንዘብ ሳይነካ ብታዩት ሥራ እንደፈታ አትቁጠሩት። ተክሩሮቹ ለሁለት መንግሥት ገብረው ገበያቸውን አቆዩ፤ እኛም በየወሩ ጥቂት አስቀምጠን የእህቶቻችንን ጀበና ከእሳት እንዳይወርድ ማድረግ እንችላለን።