ከቀጠሮ የቀሩት ሰዎች

አክስቴ ሁለት ዓመት ሙሉ የግፊት ክኒን ስትወስድ ቆይታ አንድ ቀን «ወርዶልኛል» ብላ ተወችው። ነርሷ 120 በ80 ነው ብላታለች፤ ታዲያ የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ያደርጋል? ለካርድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰልፋ፣ ሐኪሙን አምስት ደቂቃ አይታ፣ ያንኑ ክኒን ይዛ ልትመለስ? ቤተሰቡ በሙሉ ተቆጣት። እኔም «ግዴለሽ ነሽ» ብያታለሁ። ይህን ቃል መለስ ብዬ እንዳስበው ያደረገኝ የበሽታው ታሪክ ነው።

ፍራንክሊን ሩዝቬልትን እንውሰድ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከ1944 ጀምሮ ሀዋርድ ብሩን የተባለ የልብ ሐኪም ከጎናቸው አልተለየም፤ ግፊታቸው በየጊዜው እየተለካ ይመዘገብ ነበር። በኤፕሪል 1945 ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ሲሞቱ የላይኛው ቁጥር 300 ደርሶ ነበር። ክትትል አልጎደለባቸውም፤ የጎደለው መድኃኒት ነው። የአክስቴ ነገር ግልባጩ ነው።

በ1958 ክሎሮታያዛይድ የተባለው ክኒን ገበያ ላይ ዋለ። ክኒኑ ቁጥሩን ያወርዳል፤ ዕድሜ ያራዝማል ወይ የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም ነበር። ኤድዋርድ ፍሪስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች 143 ወንዶችን ለሁለት ከፍለው፣ ለ73ቱ መድኃኒት፣ ለ70ው መድኃኒት የሌለበት ክኒን ሰጡ። ውጤቱ በ1967 ወጣ፦ መድኃኒት ካልወሰዱት 27ቱ ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው፣ ከወሰዱት የተጎዱት 2 ብቻ ነበሩ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ወደ ጥናቱ የተገባበት መንገድ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ተፈተኑ። በቀጠሮ ይመጣሉ? የተረፈው ክኒን ተቆጠረ፤ ክኒኑ ውስጥም ሽንት ላይ የሚያበራ ቫይታሚን ተጨመረ፣ ዋጥኩ ያለው እውነቱን መሆኑ እንዲታይ። ያላለፈ ተሰናበተ። እንግዲህ ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው ያ ማስረጃ የተገኘው ከቀጠሮ ከማይቀሩ ሰዎች ነው። አክስቴ ብትሆን በሩ ላይ ትመለስ ነበር!

የቀሩትን ሰዎች ጉዳይ አንስተው የመረመሩት በካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ፣ ዴቪድ ሳኬትና ብራያን ሄይንስ ናቸው። ግፊት ያለባቸውን 230 የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ይዘው ሁላችንም የምናስበውን ሁለት ነገር ሞከሩ። ሰው የሚቀረው ርቆበት ከሆነ ሐኪሙን ፋብሪካው ድረስ እናምጣ፤ ባለማወቅ ከሆነ እናስተምር። በ1975 የታተመው ውጤት አንገት ያስደፋል፦ ሁለቱም መድኃኒት አወሳሰዱን አላሻሻሉም። የተማሩት ስለ ግፊት በደንብ ያውቃሉ፤ ክኒኑን ግን አይውጡም።

በቀጣዩ ዓመት ሌላ መንገድ ያዙ። መድኃኒቱን ለማይወስዱት የግፊት መለኪያ ሰጧቸው፤ ራሳቸው እየለኩ እንዲመዘግቡ፣ ክኒኑን ከዕለት ልማዳቸው ጋር እንዲያያይዙት አደረጉ። በየሁለት ሳምንቱም አንድ ሰው እያገኘ ያነጋግራቸዋል። ይህ ሰው ሐኪም አይደለም፤ የሕክምና ትምህርት የሌለው፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ነው። ይህኛው ሠራ።

የሃሚልተኑን እንዳለ ወደ እኛ አምጥቶ «ርቀት ሰበብ ነው» ማለት ግን ስህተት ነው። እዚያ ሠራተኛው ደመወዝ አለው፣ መንገድም አለው። ጎንደርና ጅማ ላይ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የግፊት ክትትልን ከሆስፒታል አውርደው ለገጠር ጤና ጣቢያ ነርሶች የሰጡት ሐኪሞች የተነሡት ከመንገዱ ርዝመት ነው፤ በእግር የሚጓዝ ገበሬ በየወሩ ከተማ ሊመላለስ አይችልም። ቅርበት ብቻውን አይበቃም ማለት ቅርበት አያስፈልግም ማለት አይደለም።

አክስቴ አሁን ክትትሏ ሰፈሯ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ክኒኗን ከቡና ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጣለች፤ ግፊቷን የምትለካላት ጎረቤቷ ቁጥሩን በደብተር ትጽፍላታለች። ባለፈው ወር ቀጠሮዋ አልፏት ነበር። ከጤና ጣቢያው የደወለላት ሰው የለም፤ ደብተሩን አይታ «ምነው ቀረሽ?» ያለቻት ጎረቤቷ ናት።