በወረርሽኙ ዘመን ወደ ክፍል ስለ መመለስ በኬንያ የተደረገው ክርክር

በኬንያ የኮሮና በሽታ የያዘው የመጀመሪያው ሰው የታወቀው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በማርች 13 ቀን 2020 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲዘጉ አዘዙ። መዝጋቱ ብዙ አላከራከረም፤ ያከራከረው መክፈቱ ነው። ይህም ክርክር ሲነገር መንግሥት «ይከፈት»፥ አስተማሪዎች «አይከፈት» እንዳሉ ተደርጎ ይቀርባል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። አስተማሪዎቹ ራሳቸው በአንድ ቃል አልተናገሩም፤ የለያያቸውም ድፍረትና ፍርሃት ሳይሆን የደመወዝ መዝገብ ነበረ።

በመንግሥት የሚቀጠሩት አስተማሪዎች ክፍሉ ተዘግቶ በቆየባቸው ወራት ሁሉ ደመወዛቸው አልተቋረጠባቸውም። በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ግን የሚከፈላቸው ወላጆች ከሚያዋጡት ገንዘብ ስለ ነበረ፥ በሩ ሲዘጋ የብዙዎቹ ደመወዝ አብሮ ተዘጋ። እኩሌቶቹ ወደ እርሻ፥ እኩሌቶቹ ወደ ጉሊት ንግድ ገቡ። እንዲህ ላለው ሰው ትምህርት ቤቱ መቼ ይከፈታል ብሎ መጠየቅ ልጆቼ ምን ይበላሉ ብሎ ከመጠየቅ አይለይም። ስለዚህ በሽታውን የሚፈራው አስተማሪና መከፈቱን የሚመኘው አስተማሪ አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ነበሩ።

በጁላይ 7 ቀን የትምህርት ሚኒስትሩ ጆርጅ ማጎሃ ያ የትምህርት ዘመን እንዳልነበረ እንደሚቆጠርና ትምህርት በጃንዋሪ 2021 እንደሚጀመር አስታወቁ። ነገር ግን በሴፕቴምበር በሽታው ጋብ ያለ ስለ መሰለ አሳቡ ተለወጠ፤ አስተማሪዎች አስቀድመው ተጠርተው በኦክቶበር 12 ቀን የአራተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች፥ እንዲሁም የሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ተመለሱ።

በ1957 የተቋቋመው የኬንያ ብሔራዊ የአስተማሪዎች ማኅበር ያነሣው ጥያቄ በመሠረቱ የቦታ ጥያቄ ነበረ። በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሆን ከተወሰነ ጀምሮ ክፍሎቹ ተጨናንቀዋል። በልጅና በልጅ መካከል አንድ ሜትር ይራቅ ሲባል፥ ክፍሉን የሚያውቅ አስተማሪ ልጆቹ ከግማሽ በላይ ወደ ውጭ እንደሚቀሩ ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። (እኛም በማሠልጠኛ ቤት አስተማሪ በአግዳሚዎቹ መካከል ይዘዋወር፥ በተማሪው ትከሻ ላይ ጎንበስ ብሎ ደብተሩን ይመልከት ብለን እናስተምራለን፤ በሽታው የከለከለው ይህንኑ ነው።) ሚኒስትሩ የቦታ ጥበት ልጆችን ከትምህርት ሊያስቀር እንደማይገባ፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና እጅ መታጠብ እንደሚበልጡ መለሱ። መንግሥት በየአካባቢው ባሉ አናጢዎች ዴስክ አሠርቷል፤ ግን ዴስክ ግድግዳን አያሰፋም። በእኔ አስተያየት ሚኒስትሩ በአንድ ወር ውስጥ አዲስ ክፍል እንደማይሠራ በማወቃቸው እውነት ነበራቸው፤ የማኅበሩ ጥያቄ ግን ዛሬም መልስ አላገኘም።

ክፍሎቹ ከተከፈቱ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ በሞምባሳ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ርእሰ መምህር በበሽታው ሞቱ፤ በሌላ ስፍራም የታመሙ አስተማሪዎች ተገኙ። የማኅበር መሪዎች ትምህርት ቤቶች እንደገና ይዘጉ አሉ፤ ሚኒስትሩ እንቢ አሉ። በጃንዋሪ 4 ቀን 2021 የቀሩት ክፍሎች ሁሉ ሲመለሱ፥ ሦስቱ ክፍሎች ብቻ በነበሩበት ጊዜ የተገኘው ጥቂት ስፋት ወዲያው ጠፋ። በአገራችን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ ተማሪዎች በፈረቃ እንዲገቡ የተደረገውም በዚሁ የቦታ ችግር ምክንያት ነው።

ጎረቤቲቱ ኡጋንዳ ሌላ መንገድ ያዘች። በከፊል ከፍታ፥ በጁን 2021 መልሳ ዘጋች፤ አስተማሪዎችም አስቀድመው እንዲከተቡ ግፊት አደረገች። ክትባቱ ግን ዘግይቶ ስለ ደረሰ ሁሉም ክፍሎች የተከፈቱት በጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ሆነ፤ ይህም በዓለም ካሉት መዘጋቶች ሁሉ ረጅሙ ተባለ። እዚያም የግል ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ደመወዝ ተቋርጦባቸው ስለ ነበረ፥ በሩ ሲከፈት ብዙዎቹ ሌላ እንጀራ ይዘው አልተመለሱም።

በኬንያ የመጡት አስተማሪዎች ደግሞ የጠፋውን ጊዜ በዕረፍታቸው ከፈሉ። የትምህርት ወቅቶቹ እያጠሩና እየተቀራረቡ ሄደው፥ የትምህርት ዘመኑ ወደ ቀድሞ ልማዱ የተመለሰው በጃንዋሪ 2023 ነው።