ቦሌና የዕለቱ ዋጋ፦ የአክሲዮን ገበያ ታሪክ በምሥራቅ አዲስ አበባ

የአክሲዮን ገበያ የኩባንያዎች የባለቤትነት ድርሻ በየዕለቱ የሚሸጥበትና የሚገዛበት፣ የዕለቱም ዋጋ ለታላቁም ለታናሹም ባለ ገንዘብ እኩል የሚገለጽበት ተቋም ነው። በኒው ዮርክ፣ በለንደንና በቶኪዮ ገበያዎች ወለድ ሊጨምር ነው፣ ጦርነት ሊነሣ ነው ወይም ንግድ ሊቀዘቅዝ ነው የሚል ግምት በተሰማ ቁጥር የድርሻዎቹ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የብዙ ኩባንያዎችን ዋጋ አጠቃልሎ በአንድ ቁጥር የሚያሳየው መለኪያ፣ ማለትም ኢንዴክስ፣ የዚያን ቀን ተስፋና ሥጋት ይመዘግባል። ኢትዮጵያ ከ1967 እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለግማሽ ምዕተ ዓመት እንዲህ ያለ ገበያ አልነበራትም። የዓለም ገበያ መዋዠቅ ግን ገበያ ስለሌለ ደጃፍ ላይ አልቆመም፤ በቡና፣ በአበባ፣ በነዳጅና በዶላር በኩል እየገባ ኖሯል፣ ከመግቢያዎቹም አንዱ ቦሌ ነበር። የምሥራቅ አዲስ አበባ የኢኮኖሚ ታሪክ በዚህ ዐይን ሲታይ፣ የአክሲዮን ገበያው ሲዘጋ የከተማው ቁጠባ ወዴት እንደ ተሰደደና ስደቱ ሀገሪቱን ምን እንዳስከፈላት በግልጽ ያሳያል።

አክሲዮን ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክ በ500,000 ፓውንድ ካፒታል የተቋቋመ፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረና ድርሻዎቹ በአውሮፓ ከተሞች ጭምር ለሽያጭ የቀረቡ የአክሲዮን ማኅበር ነበር። በዚያ ዘመን የሀገሪቱ ዋና መገበያያ የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር ዋጋው የሚወሰነው በውስጡ ባለው ብር በተባለው ማዕድን ስለነበረ፣ የማዕድኑ ዋጋ በለንደንና በኒው ዮርክ ሲወድቅ በአዲስ አበባ ነጋዴ ኪስ ያለው ገንዘብም አብሮ ይወድቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 የኒው ዮርክ ገበያ ከተንኮታኮተ በኋላ የቡናና የቆዳ ዋጋ ሲያሽቆለቁል፣ የብር ማዕድንም እስከ 1932 መጨረሻ ድረስ አብሮ ሲወርድ፣ ስለ ዎል ስትሪት ሰምቶ የማያውቅ የሀገር ቤት ነጋዴ የኪሳራው ተካፋይ ሆነ። ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲኒያ ባንክን ገዝተው በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ የተኩትም በዚሁ የጭንቅ ዘመን ነበር።

የዘመናዊው አክሲዮን ሕጋዊ መሠረት የተጣለው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። ሕጉ የአክሲዮን ማኅበር እንዴት እንደሚመሠረት፣ ባለ ድርሻው ባዋጣው ገንዘብ ልክ ብቻ ተጠያቂ እንደሚሆንና ድርሻውን ለሌላ ማስተላለፍ እንደሚችል ደነገገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ራሱን የቻለ ማዕከላዊ ባንክ ሆኖ ሲቋቋም፣ የመጀመሪያው የግል ባንክ የሆነው የአዲስ አበባ ባንክ አክሲዮን ማኅበርም ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት የአዲስ አበባ የአክሲዮን ንግድ ቡድን ተመሠረተ፤ በዚህም የባንኮች ተወካዮች እየተገናኙ ለጥቂት ኩባንያዎች ድርሻ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ያወጡ ነበር። ቡድኑ ትልቅ ገበያ አልነበረም፤ ኩባንያዎቹ ጥቂት፣ ገዥዎቹም የከተማው ባለ ሀብቶችና ባለ ሥልጣኖች ነበሩ። ቢሆንም አንድ ድርሻ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ከሻጭና ከገዥ ውጭ የሆነ ሦስተኛ አካል እንዲናገር ማድረጉ፣ በዚያ ዘመን በብዙ የአፍሪካ ከተሞች የማይገኝ ጅምር ነበር።

ቦሌም የተወለደው በዚያው ዘመን ነው። የልደታ አየር ማረፊያ ለጄት አውሮፕላን ስላልበቃ አዲሱ ጣቢያ በከተማዋ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የእርሻ ማሳ በነበረው ቦሌ ተሠራ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ቦይንግ 720 ጄቶቹን በ1955 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋለ። አየር ማረፊያውን ከመስቀል አደባባይ የሚያገናኘው የቦሌ መንገድ ዳርና ዳሩ በቪላ ቤቶች እየታጀበ፣ የአዲሱ መካከለኛ መደብ መኖሪያ ለመሆን በቃ። አክሲዮኑ፣ ጄቱና ቪላው የአንድ ትውልድ ሥራዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያ ከዓለም ኢኮኖሚ ጋር በእኩልነት ልትቆም ትችላለች ከሚል እምነት የፈለቁ ናቸው።

ይህ ጅምር በ1967 ዓ.ም. በአንድ ዓመት ውስጥ ተቋረጠ። ደርግ በታኅሣሥ 23 ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን፣ በጥር 26 ደግሞ 72 የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ፤ የሚሸጥና የሚገዛ ድርሻ ሲጠፋ የአክሲዮን ንግድ ቡድኑም አብሮ ከሰመ። በሐምሌ 19 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሆኑ፤ ከቦሌ ቪላዎች ብዙዎቹም ወደ መንግሥት ኪራይ ቤቶች ተዛወሩ። በዚያው ሐምሌ ወር በብራዚል የቡና እርሻዎች ላይ የወረደው ከባድ ውርጭ የዓለምን የቡና ዋጋ አናረው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 በኒው ዮርክ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ3 ዶላር አለፈ። ኢትዮጵያ የውስጥ ገበያዋን በዘጋችበት ወር የውጭው ገበያ ዋና ምርቷን ከዚያ በፊት ወዳላየው ዋጋ አነሣው፤ ይሁን እንጂ ቡናው የሚያስገኘው ጥቅም በቀረጥና በመንግሥት በተወሰነ የመግዣ ዋጋ አማካይነት በአብዛኛው ወደ ግምጃ ቤት ሄደ እንጂ ገበሬው ጋር አልደረሰም። ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲፈርስና ዋጋው ሲወድቅ ግን ኪሳራው ለገበሬው ደረሰ።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የግል ባንክ በአዋጅ ቁጥር 84/1986 ተፈቀደ። አዋሽ ባንክ በ486 መሥራች ባለ አክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ሲመሠረት፣ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን፣ ኅብረትና ንብ ተከታትለው መጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት ከባንክና ከመድን ጀምሮ እስከ ቢራና ሲሚንቶ ድረስ አክሲዮን መግዛት ለአዲስ አበባ ነዋሪ የተለመደ ነገር ሆነ። ድርሻው ነበር፤ ገበያው ግን አልነበረም። አክሲዮኑን መሸጥ የፈለገ ሰው ገዥውን በዘመድ፣ በወዳጅ ወይም በደላላ ፈልጎ፣ ስሙን በኩባንያው መዝገብ ማዛወር ነበረበት፤ ዋጋውም በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚታወቅ ምሥጢር ነበር። ምሥጢሩ በሰፊው የተገለጠው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ ድርሻቸውን እንዲመልሱ ካዘዘ በኋላ ድርሻዎቹ በጨረታ ሲሸጡ ከተጻፈባቸው ዋጋ በብዙ በልጠው ተገዙ። ባለ ድርሻዎቹ ግን የተመለሰላቸው የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነበር፤ የገበያ ዋጋ በሌለበት ሀገር ባለ ንብረት ያለውን ሀብት መጠን እንኳ በእርግጠኝነት ሊያውቅ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ የከተማው ቁጠባ ወደ ቦሌ መሬትና ሕንፃ ማምራቱ የሚጠበቅ ነበር። የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በ2008፣ በ2011 እና በ2022 ከ30 በመቶ ሲያልፍ፣ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የሚገደዱት ዝቅተኛ ወለድ ግን ለዓመታት ከ5 በመቶ ያልበለጠ፣ ከ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ በኋላም 7 በመቶ ነበር፤ ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ ይከስር ነበር ማለት ነው። መሬት የመንግሥት ሆኖ የመጠቀም መብቱ በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰኑ ዓመታት በሚፈጸም የኪራይ ውል፣ እንዲሰጥ በአዋጅ ቁጥር 80/1986 ከተወሰነ ወዲህ ግን በመሬቱ ላይ የተሠራ ቤት ሊሸጥ፣ ሊከራይና ለብድር በመያዣነት ሊቀርብ ይችላል። ስለዚህ ነጋዴው ትርፉን፣ በውጭ ሀገር የሚኖረው ወገን የላቡን ፍሬ፣ ሠራተኛውም ጥሪቱን በቦሌ መድኃኔ ዓለም፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት ቤትና ሕንፃ ላይ አዋለ። በቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ግንባታ ሲስፋፋም በዕጣ የተገኘ አንድ ክፍል ቤት ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው የሀብት ድርሻ ሆነ። እንዲህ ሆኖ የቦሌ ሕንፃ የሌለውን አክሲዮን ተክቶ ሠራ፤ ነገር ግን ሕንፃ ተከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ አይሸጥም፣ ዋጋውም በየዕለቱ በአደባባይ አይነገርም፤ ዋጋውን የሚያውቀው ደላላው ሲሆን ለሻጭ አንድ፣ ለገዥ ሌላ ሊናገር ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፋብሪካ ሊተክል፣ እርሻ ሊያለማ ይችል የነበረው ቁጠባ በኮንክሪትና በመስተዋት ታስሮ ቀረ።

የዓለም ገበያ የዕለት መዋዠቅ ግን በቦሌ ሰማይ በኩል መግባቱን አላቆመም። ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከቢሾፍቱና ከዝዋይ የሚመጣው ጽጌረዳ በሌሊት በቦሌ የጭነት ማረፊያ ተጭኖ ከሚሸጥባቸው ቦታዎች ዋናው በኔዘርላንድ የሚገኘው የአልስሜር ጨረታ ነው፤ በዚያ ጨረታ ዋጋው ከፍ ብሎ ይጀምርና ገዥ እስኪያስቆመው ድረስ ይወርዳል፣ የዚያ ማለዳ ዋጋም የኢትዮጵያን የአበባ እርሻ ገቢ ይወስናል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. የኒው ዮርኩ ዳው ጆንስ ኢንዴክስ በአንድ ቀን 2,997 ነጥብ ሲወድቅ፣ በዚያው ሰሞን የኔዘርላንድ የአበባ ዋጋ ተንኮታኩቶ ያልተሸጡ ሚሊዮኖች የአበባ ዘንጎች ተጣሉ፤ የአበባ እርሻ ሠራተኞችም የሥራ ዋስትናቸው ከአንድ ሳምንት በላይ የማይተማመኑበት ሆነ። አየር መንገዱ ያን ጊዜ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን መቀመጫ አውጥቶ ወደ ጭነት በማዞር ክፉውን ዘመን ተሻገረ። ዛሬ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም፣ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ ዕድል፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ የመሸጫ መብት፣ ስትወጣ የትእዛዝ መቀነስን በቀጥታ አይቷል። ሕንፃ ገንብቶ የተቀመጠው የቦሌ ባለ ሀብት ከዓለም ገበያ የተሸሸገ ቢመስለውም፣ ጎረቤቱ የሆነችው የልብስ ሰፊ ሠራተኛ ግን በየቀኑ በገበያው ውስጥ ነበረች።

ለውጡ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በፍጥነት መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የዶላር ዋጋ በየዕለቱ ከባንክ ሰሌዳ ላይ ማንበብም የከተማው ሰው አዲስ ልማድ ሆነ። ቀደም ሲል በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የቁጥጥሩን ሥራ ሲጀምር፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አክሲዮን ማኅበር ደግሞ ከመንግሥት፣ ከሀገር ውስጥ ባንኮችና መድን ድርጅቶች እንዲሁም ከውጭ አጋሮች ካፒታል አሰባስቦ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ፤ ድርሻውን በማስመዝገብ የመጀመሪያው ባንክም ወጋገን ነበር። በዚያው ወቅት ኢትዮ ቴሌኮም የባለቤትነቱን 10 በመቶ በ100 ሚሊዮን ድርሻ ከፋፍሎ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ 47,377 ኢትዮጵያውያን 10.7 ሚሊዮን ድርሻ በ3.2 ቢሊዮን ብር ገዙ። ከቀረበው አንጻር የተሸጠው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከ33 ድርሻ፣ ማለትም ከ9,900 ብር ጀምሮ መግዛት ስለተቻለ፣ በቦሌ አንድ ካሬ ሜትር ቦታ በሊዝ ለመያዝ የማይበቃ ገንዘብ ያለው ሰው የአንድ ትልቅ ተቋም ባለቤት ለመሆን በቃ።

ይህ ታሪክ ስለ ገበያ መውጣትና መውረድ የሚያስተምረው ነገር አለ። የዋጋ መዋዠቅ በራሱ የሀገር ጠላት አይደለም፤ ሀገርን የሚጎዳው ዋጋ በድብቅ ሲወሰን፣ ሥጋቱም ለደካሞቹ ብቻ ሲተርፍ ነው። በ1920ዎቹ የብር ማዕድን መውደቅ፣ በ1967 የቡና ዋጋ መናርና በ2012 የአበባ ገበያ መንኮታኮት ሁሉም ወደ ኢትዮጵያ ደርሰዋል፤ በእነዚያ ጊዜያት ሁሉ የጎደለው፣ ዜጋው ጥሪቱን ከፋፍሎ የሚያስቀምጥበትና የያዘውን ድርሻ እውነተኛ ዋጋ የሚያውቅበት የአደባባይ ገበያ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ገበያ የሚመዘነው በመክፈቻው ድምቀት ወይም በሚመዘገቡት ኩባንያዎች ብዛት ብቻ ሊሆን አይገባም። ኩባንያዎች ሒሳባቸውን በወቅቱና በእውነት እንዲገልጹ፣ የውስጥ ምሥጢር የሚያውቅ ሰው በምሥጢሩ እንዳይነግድ፣ የትንሹም ባለ ድርሻ መብት እንደ ትልቁ እንዲጠበቅ ማድረግ የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው፤ የሚገዛውን ኩባንያ መግለጫ ሳያነብ በወሬ ላለመግዛት መወሰን ደግሞ የዜጋው ግዴታ ነው። የአክሲዮን ንግድ ቡድኑ ትውልድ የጀመረው ገበያ ሥር ሳይሰድ በአዋጅ ተቋረጠ፤ የዛሬው ትውልድ የጀመረው ገበያ እንዲጸና ሕጉ በእኩልነት ሊከበርለት፣ ዋጋውም በአደባባይ ሊነገር ይገባል።